ተቅማጡ በየት አለፈ? በአንድ የሕፃናት ማቆያ የደረሰ ወረርሽኝ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

በአንድ የሕፃናት ማቆያ በ19 ቀናት ውስጥ 17 ሕፃናትና 3 ሠራተኞች በተቅማጥ ታመሙ። ከሕፃናቱ የአንዳንዶቹ ተቅማጥ ደም የቀላቀለ ነበር። ማቆያው ንጽሕና የጎደለው ቤት አልነበረም። ወለሉ በቀን ሁለት ጊዜ ይወለወላል፣ በረኪና አይታጣም፣ ጓንት በየክፍሉ አለ፣ እጅ ስለመታጠብ የሚያስታውስ ጽሑፍም በየግድግዳው ተለጥፏል። እንዲያም ሆኖ ማቆያው ተዘግቶ ከላይ እስከ ታች ታጥቦ በተከፈተ ማግስት በሽታው ተመለሰ። ይህን ያህል የሚያጸዳ ቤት ይህን ያህል ልጅ እንዴት ታመመበት የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት ስላለበት ጉዳዩ በዝርዝር ተጽፏል። ማቆያውም ሆነ ሰዎቹ በስም አይጠቀሱም።

የማቆያው ሁኔታ

ማቆያው ሦስት ክፍሎች ነበሩት። በጨቅላዎች ክፍል ከ6 እስከ 12 ወር የሆናቸው 8 ሕፃናት በሁለት ሞግዚቶች ይጠበቃሉ። በመካከለኛው ክፍል ከ1 እስከ 2 ዓመት የሆናቸው 14 ልጆችና ሦስት ሞግዚቶች፣ በትልልቆቹ ክፍል ደግሞ ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆናቸው 20 ልጆችና ሁለት ሞግዚቶች አሉ። አንዲት ምግብ አብሳይና አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ሲጨመሩ ሠራተኞቹ፣ ከቢሮው ውጪ፣ 9 ይሆናሉ።

በአሠራሩ ውስጥ ማንም ልብ ያላላቸው ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው፣ በመካከለኛው ክፍል ያለው የእጅ መታጠቢያ አንድ ብቻ ነው፤ እጅ የሚታጠበውም፣ ጡጦ የሚለቀለቀውም፣ ፖፖ የሚታጠበውም እዚያው ነው። ሁለተኛው፣ በምሳ ሰዓት የጨቅላዎች ሞግዚቶች ተራ በተራ ሲያርፉ ከመካከለኛው ክፍል አንዲት ሞግዚት ሄዳ ትተካቸዋለች። ሦስተኛው፣ አመሻሽ ላይ ወላጅ የዘገየባቸው ልጆች ከሁሉም ክፍል ወደ መካከለኛው ክፍል ይሰበሰባሉ፤ ሰፊው እሱ ነውና። እነዚህ ሦስቱ በየማቆያው የተለመዱ ናቸው፤ ደህና በሆነ ቀንም ጉዳታቸው አይታይም።

ችግሩ

በመጀመሪያው ቀን ከመካከለኛው ክፍል የ20 ወር ልጅ አተኮሰው፣ ውሃማ ተቅማጥም ያዘው። በማግስቱ ሰገራው ውስጥ ደም ታየ። እስከ 4ኛው ቀን ድረስ ከዚያው ክፍል ሦስት ልጆች ተጨመሩ። በ8ኛው ቀን ታማሚዎቹ 8 ደረሱ።

የማቆያው ኃላፊዎች መጀመሪያ የጠረጠሩት ምግቡን ነው። ምግብ አብሳይዋ ከሥራ እንድትቆም ተደረገ። ማቆያውም ከ9ኛው እስከ 11ኛው ቀን ተዘግቶ ወለሉ፣ ግድግዳው፣ አሻንጉሊቱ ሁሉ በበረኪና ታጠበ። በ12ኛው ቀን ተከፈተ። በ13ኛውና በ14ኛው ቀን አራት አዳዲስ ታማሚዎች መጡ፤ ሁለቱ ከጨቅላዎች ክፍል ነበሩ። የማኅበረሰብ ጤና ነርስ የተጠራችው በዚህ ጊዜ ነው። ይህ መዘግየት ከስህተቶቹ ሁሉ ትልቁ ነው ማለት ይቻላል፤ በ4ኛው ቀን፣ አራት ልጆች ከአንድ ክፍል ሲታመሙ፣ ጥሪው መደረግ ነበረበት።

ምርመራው

ነርሷ በመጀመሪያ የጠየቀችው በረኪናም መወልወያም አይደለም፤ አንድ ወረቀት ነው። በወረቀቱ ላይ ለእያንዳንዱ ታማሚ አንድ መስመር ተሰጠ፦ ዕድሜ፣ ክፍል፣ ምልክቱ የጀመረበት ቀን፣ ደም አለው ወይስ የለውም፣ በማቆያው ወንድም ወይም እኅት አለው ወይ፣ ባለፉት 3 ቀናት የያዘችው ሞግዚት ማን ናት፣ አመሻሽ ላይ ቆይቶ ነበር ወይ። መዝገቡን ለመሙላት ከግማሽ ቀን በላይ አልወሰደም።

ወረርሽኙ ሲያበቃ የተሟላው መዝገብ ይህን ያሳያል። ከመካከለኛው ክፍል ከ14 ልጆች 11፣ ከትልልቆቹ ከ20 ልጆች 4፣ ከጨቅላዎቹ ከ8 ሕፃናት 2 ታመዋል። መካከለኛውና የትልልቆቹ ክፍል የሚበሉት ከአንድ ድስት ነው። መነሻው ምግቡ ቢሆን ኖሮ የሁለቱ ክፍሎች ቁጥር ይህን ያህል ባልተራራቀ ነበር። የምግብ አብሳይዋ የሰገራ ምርመራም ነፃ ወጣ። ያለ ማስረጃ ከሥራ መነሣቷ በደል ነበር፤ ማቆያው ይቅርታ ጠይቆ መልሷታል።

ከትልልቆቹ አራት ታማሚዎች ሦስቱ በመካከለኛው ክፍል ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ነበራቸው። አራተኛዋ በየቀኑ አመሻሽ ላይ ከሚቆዩት አንዷ ናት። ሁለቱ ጨቅላዎች ደግሞ በአንድ ሞግዚት እጅ የበሉ ናቸው፤ ከመካከለኛው ክፍል ለምሳ ተተክታ በመጣችው። እሷም ራሷ ቀለል ያለ ተቅማጥ ነበራት፤ ቀላል ስለመሰላት አልተናገረችም።

ከአራት ልጆች ሰገራ ተወስዶ ሦስቱ ላይ ሺጌላ የሚባል ባክቴሪያ ተገኘ። የባክቴሪያው ጠባይ ብዙ ነገር ያብራራል። ሌላው የተቅማጥ ባክቴሪያ ብዙውን ጊዜ ለማሳመም በርካታ ሺህ ይፈልጋል፤ ለሺጌላ ከ10 እስከ 100 የሚሆኑ ይበቃሉ። ይህን ያህል በዓይን በማይታይ እድፍ፣ በቧንቧ እጀታ ወይም በአንድ ፎጣ ጫፍ ላይ ይገኛል። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ያልታከመ ልጅ ተቅማጡ ከቆመለት በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ባክቴሪያውን በሰገራው ሊያወጣ ይችላል። የሦስት ቀን መዘጋቱ ለምን እንዳልሠራ እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል፤ ሕንፃው ታጠበ፣ ባክቴሪያውን የያዙት ግን ልጆቹ ነበሩ፤ ሲመለሱ አሠራሩም እንደነበረ ጠበቃቸው።

ነርሷ ቀጥላ በመካከለኛው ክፍል ጥግ ላይ ለሁለት ሰዓት ተቀምጣ ምንም ሳትናገር 11 የዳይፐር ቅያሪዎችን ተመለከተች። ሞግዚቶቹ ከ11 ቅያሪዎች በ10ሩ እጃቸውን በሳሙና ታጥበዋል። ይህ ቁጥር ለብቻው ቢታይ ያስመሰግናል። ነገር ግን የልጁ እጅ የታጠበው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ልጁ ጠረጴዛው ላይ ተኝቶ ሳለ እጁን ወደ ታች ይሰድዳል፣ ዳይፐሩን ይነካል፤ ተነሥቶ በቀጥታ ወደ አሻንጉሊቱ ይሄዳል፤ አሻንጉሊቱም ከእሱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ይሸጋገራል።

የቧንቧው እጀታ በቆሸሸ እጅ ይከፈታል፣ ከታጠቡ በኋላም በንጹሑ እጅ ያው እጀታ ይዘጋል። በ6 ቅያሪዎች ሞግዚቷ በቆሸሸው ጓንት መሳቢያ ከፍታ ንጹሕ ዳይፐር ወይም ቅባት አውጥታለች። ሁሉም እጃቸውን የሚያደርቁት በአንድ የጨርቅ ፎጣ ነው።

በረኪናው ሰኞ ተበጥብጦ ለሳምንት የሚያገለግል ነበር፤ የሚቀመጠውም ብርሃን በሚያስገባ የሚረጭ ጠርሙስ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ ነው። በክሎሪን መለኪያ ወረቀት ሲታይ በውስጡ የቀረ ክሎሪን የለም ማለት ይቻላል። ደግሞም እድፉ ሳይጠረግ ከላይ ይረጭና ወዲያው ይወለወላል። ክሎሪን ሰገራ ወይም ሌላ እድፍ ሲያገኝ ኃይሉን እዚያ ይጨርሳል፤ ጀርሙን ለመግደልም ጊዜ ይፈልጋል።

ይህ ሁሉ በሞግዚቶቹ ቸልተኝነት የመጣ አልነበረም። የዳይፐር መቀየሪያው ጠረጴዛ አንድ ነው፤ አንዱ ልጅ ሲነሣ ሌላው እያለቀሰ ተራውን ይጠብቃል። አምስት ደቂቃ በረኪናው እስኪሠራ ቁሚ የሚባል ትእዛዝ በዚያ ክፍል ሊፈጸም አይችልም ነበር። ነርሷ ሪፖርቷን የጀመረችው ይህን በመጻፍ ነው፤ ሞግዚቶቹም ከዚያ በኋላ የሚያውቁትን ሁሉ ሳይፈሩ ነገሯት።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ከ15ኛው ቀን ጀምሮ ቅድሚያ የተሰጠው ለታመሙት ልጆች ነው። ተቅማጥ የጀመረው ልጅ ወላጁ እስኪመጣ ድረስ ከሌሎች ተለይቶ፣ ከአንዲት ሞግዚት ጋር፣ በሚታይ ቦታ ይቆያል። ወላጆች ሲፈቅዱ ኦአርኤስ (በተቅማጥ የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ብጥብጥ) ወዲያው ይጀመራል፦ አንድ ፓኬት ማሸጊያው በሚያዘው ልክ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ፣ ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር። ልጁ ካስመለሰ 10 ደቂቃ ተጠብቆ በማንኪያ ቀስ ተብሎ ይቀጥላል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋል። የጡት ወተት አይቋረጥም። ከ6 ወር በላይ ለሆናቸው በጤና ባለሙያ በኩል በቀን 20 ሚሊ ግራም ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ተሰጠ። አንቲባዮቲክ ለማን እንደሚያስፈልግ የወሰነው ሐኪም ነው።

በየክፍሉ ግድግዳ ላይ ከእጅ መታጠብ ጽሑፉ ጎን የአደጋ ምልክቶች ተጻፉ፦ ደም በሰገራ፣ የጎደጎዱ ዓይኖች፣ መጠጣት አለመቻል፣ ከወትሮው የተለየ ድካም ወይም መፍዘዝ፣ የሆድ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አለመመለስ፣ ማንቀጥቀጥ። ከእነዚህ አንዱ ከታየ ልጁ ወደ ጤና ተቋም ይሄዳል፤ ወላጅ እስኪመጣ አይጠበቅም።

የመታጠቢያው ጉዳይ በሚቀጥለው ቀን ተፈታ። ጡጦ ማለቅለቅ ወደ ኩሽና ተዛወረ። ፖፖ ሽንት ቤት ውስጥ ብቻ እንዲደፋና በዚያ ባለው ለብቻው በተገዛ ባልዲ እንዲታጠብ ሆነ። የክፍሉ መታጠቢያ ለእጅ ብቻ ቀረ። የጨርቅ ፎጣው ተነሥቶ አንዴ የሚጣል ወረቀት ገባ፤ ያው ወረቀት ቧንቧውን ለመዝጋት ያገለግላል። ልጆች ራሳቸው እንዲደርሱ ጠንካራ መቆሚያ ተደረገላቸው።

ለዳይፐር ቅያሪ ሁለተኛ መቀየሪያ ተጨመረ። ሁለት ሲሆኑ አንዱ በረኪናው እየሠራበት ሳለ በሌላው ይቀየራል። አምስቱ ደቂቃ የተገኘው በዚህ መንገድ ነው። ቅደም ተከተሉም እንዲህ ተወሰነ፦

1. ልጁ ከመምጣቱ በፊት ንጹሕ ዳይፐር፣ የሚበቃ ዋይፕስ፣ በወረቀት ላይ የተቀባ ቅባትና ክፍት የቆሻሻ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ ይዘጋጃሉ። ከዚህ በኋላ መሳቢያ አይከፈትም።
2. ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ይነጠፋል፤ ጓንት ይደረጋል፤ ልጁ ይተኛል። ከዚህ ጀምሮ አንድ እጅ ሁልጊዜ ልጁ ላይ ነው።
3. ከፊት ወደ ኋላ ይጠረጋል። የቆሸሸው ዳይፐር እድፉ ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ከዋይፕሱ ጋር ወደ ከረጢቱ ይገባል፤ ጓንቱም ተገልብጦ ይከተላል።
4. ሞግዚቷ እጇን በአዲስ ዋይፕስ ጠርጋ ንጹሑን ዳይፐር ታደርጋለች።
5. የልጁ እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ከዚያ ወደ ጨዋታው ይመለሳል።
6. ወረቀቱ ይጣላል፣ ጠረጴዛው በሳሙናና ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ በረኪና ይደረግበትና 5 ደቂቃ ይቆያል።
7. ሞግዚቷ ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ትታጠባለች፤ የሰገራው መልክ የተለየ ከሆነ ትመዘግባለች።

አምስተኛውና ስድስተኛው ላይ ልብ ይባል። ልጁን አድርሳ ወደ ጠረጴዛው የምትመለሰው ሞግዚት መንገድ ላይ ሌላ ልጅ እንዳታነሣ አንዷ ባልደረባዋ ልጆቹን ትቀበላለች። ያለ ተቀባይ ይህ ቅደም ተከተል በሁለተኛው ቀን ይፈርሳል።

በረኪናው በየጠዋቱ የሚበጠበጥ ሆነ። ጠርሙሱ ላይ 5 በመቶ የሚል ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር ተለክቶ ውሃ እየተጨመረበት 1 ሊትር ሲሞላ 0.1 በመቶ ይሆናል። የጠርሙሱ መጠን ሌላ ከሆነ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጠርሙሱ በመቶኛ ለሚፈለገው በመቶኛ ተካፍሎ 1 ሲቀነስ ለአንድ እጅ በረኪና የሚገባው የውሃ እጅ ይገኛል። 5 ለ0.1 ሲካፈል 50፣ 1 ሲቀነስ 49። አፍ ለሚነካቸው አሻንጉሊቶች በ1 ሊትር 4 ሚሊ ሊትር ብቻ ይበቃል፤ ታጥበው፣ ለ2 ደቂቃ ተነክረው፣ ተለቅልቀው በአየር ይደርቃሉ። የሚለካው በመድኃኒት መለኪያ ስሪንጅ እንጂ በክዳን አይደለም፤ ክዳን ሁሉ እኩል አይደለምና። ብርሃን በማያስገባ ጠርሙስ ይቀመጣል፣ ቀንና መጠን ይጻፍበታል፣ ከአሲድ ወይም አሞኒያ ካለው ማጽጃ ጋር በፍጹም አይቀላቀልም፤ መርዛማ ጋዝ ያወጣልና።

የሰው እንቅስቃሴም ተቀየረ። የምሳ ተተኪዋ ዳይፐር ከማይቀይሩት እንድትሆን ተደረገ፤ በመጨረሻ ይህን ሥራ የቢሮ ሠራተኛ ሥልጠና ወስዳ ያዘችው። ዳይፐር የቀየረች ሞግዚት በዚያ ቀን ምግብ አታዘጋጅም። አመሻሽ ላይ የሚቆዩ ልጆች በየክፍላቸው ይቆያሉ። ተቅማጥ ያለባት ሠራተኛ፣ ቀላል ቢሆንም፣ ደመወዟ ሳይነካ ቤት ትውላለች። የታመሙት ልጆችና ሠራተኞች የሚመለሱት በጤና ባለሙያ ፈቃድ ሆነ።

ውጤት ያላመጡ እርምጃዎች

መዘጋቱ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝን ነበር። የሚሠሩ ወላጆች ልጆቻቸውን የሚያደርሱበት ስላጡ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ተሰባስቦ በአንድ ቤት አስቀመጣቸው፤ ማቆያው ሲዘጋ ልጆቹ ሳይለያዩ ቀሩ።

በር ላይ ሙቀት መለካትም አልጠቀመም። ከበሽታው ያገገመ ልጅ ትኩሳት የለውም፣ ባክቴሪያውን ግን ያወጣል። የአልኮል ሳኒታይዘር በሰገራ በተነካ እጅ ላይ ሳሙናና ውሃን ሊተካ አይችልም፤ በመካከለኛው ክፍል ግን አንዳንድ ጊዜ ይተካ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት በድንጋጤ ወፍራም በረኪና ተረጭቶ አስም ያለበት አንድ ልጅ በሳል ተሠቃየ። በተመሳሳይ ሳምንት የተበጠበጠ በረኪና በመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ተቀምጦ ልጅ በሚደርስበት መደርደሪያ ላይ ተገኝቷል። ማንም አልጠጣውም። ተቅማጥ ለመከላከል ሲባል መመረዝ ሊመጣ እንደነበር ሲታሰብ ያስደነግጣል። ኬሚካል ሁሉ ከዚያ በኋላ በራሱ ጠርሙስ፣ ከፍ ባለና በሚቆለፍ ቁም ሣጥን ውስጥ ብቻ ሆነ፤ መርጨትም ቀርቶ አፍስሶ በጨርቅ መቀባት ተመረጠ።

ከሁሉ ይልቅ የከሸፈው የወላጆች ደንብ ነው። የታመመ ልጅ ለ7 ቀን እንዳይመጣ፣ የቀረበት ቀን ክፍያም እንደማይመለስ ተነግሮ ነበር። ውጤቱ መደበቅ ሆነ። አንዲት እናት ለልጇ ጠዋት ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት ሰጥታ አምጥታዋለች። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ላለበት ሕፃን ይህ መድኃኒት አደገኛ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ያለው እንዳይወጣ ያግዳል። እናቲቱ ከሥራ እንዳትባረር ፈርታ ያደረገችው ነው፣ ሊፈረድባት አይገባም። ማቆያው ደንቡን አሻሽሎ በሕመም ለቀረ ልጅ ክፍያ እንዳይጠየቅ አደረገ፤ ወላጆችም ለአሠሪ የሚያሳዩት ደብዳቤ ተሰጣቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ቤተሰቦች ያልተነገረ ሕመም አሳወቁ።

ውጤት ያመጡ እርምጃዎች

የመጨረሻው ታማሚ በ19ኛው ቀን ተመዘገበ። ይህ ሁሉ በእርምጃዎቹ ብቻ መጣ ማለት አይቻልም። በመካከለኛው ክፍል አስቀድመው 11 ልጆች ስለታመሙ የቀረው ጥቂት ነው፤ በሽታው በራሱም ሊቀንስ ይችል ነበር። ነገር ግን በሌሎቹ ሁለት ክፍሎች ያልታመሙ 22 ልጆች ነበሩ፣ ከእነሱም አንድ አልተጨመረም። በዚህ የተነሣ ትልቁ ድርሻ የክፍሎቹ መለያየትና የምሳ ተተኪዋ ሞግዚት መቀየር እንደሆነ መገመት ይቻላል። የልጁን እጅ ማጠብና ሁለተኛው መቀየሪያ ደግሞ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ቅብብል ቆርጠዋል።

ለሌሎች ማቆያዎች

በአንድ ክፍል በ3 ቀን ውስጥ ሁለት ልጆች ተቅማጥ ከያዛቸው መዝገብ መጀመርና የጤና ባለሙያ መጥራት ይገባል። የምግብ ጥርጣሬ ሰው ላይ ከመውደቁ በፊት የክፍሎቹ ቁጥር ይነጻጸር። ሞግዚት የዘለለችው እርምጃ ካለ ለምን እንደዘለለችው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ብዙውን ጊዜ መልሱ የዕቃ ወይም የእጅ እጥረት ነው፣ በስብሰባ ወቀሳም አይስተካከልም። ገንዘብ ትንሽ ከሆነ ከበረኪና በፊት ሁለተኛ መቀየሪያና የወረቀት ፎጣ ይገዛ። ፖፖና ጡጦ በአንድ መታጠቢያ የሚገናኙበት ማቆያ ሌላው ሁሉ ቢስተካከልም አደጋ ላይ ነው።

ከሦስት ወር በኋላ

ነርሷ ከሦስት ወር በኋላ ተመልሳ በዚያው ጥግ ተቀምጣ 12 ቅያሪዎችን ተመለከተች። በረኪናው የዚያን ቀን ነበር፣ መሳቢያ የተከፈተ አልነበረም። የልጁ እጅ የታጠበው በ8ቱ ነው። ያልታጠበባቸው አራቱም ልጆቹ ከቀን እንቅልፍ ሲነሡ ባለው ግማሽ ሰዓት የተደረጉ ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነቃሉ፣ ተቀባይዋ ሞግዚትም አልጋ ታነሣለች። ማቆያው አሁን ልጆቹን በሁለት ተራ፣ በ20 ደቂቃ ልዩነት ለማስተኛት እየሞከረ ነው።